የመቂ ፓምፕና አልታዘዝ ያሉኝ ክቦች

ሰኞ፣ ኅዳር 5 ቀን 1981፣ ናዝሬት

ኮምፒዩተሩ ዛሬ እምቢ አለኝ። ክቡን ሳሰፋው የቡሎኖቹ ቀዳዳዎች አብረውት ሸሹ። አንዱማ ከሥዕሉ ወጥቶ ስክሪኑ ጥግ ላይ ብቻውን ቀረ። ሳቄ መጣ፣ ግን የሚያስቅ ነገር አይደለም።

የመቂ ገበሬዎች የመስኖ ፓምፕ ቆሟል። ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ የሚይዘው ብረት፣ የኩሽኔታው ቤት፣ ተሰንጥቋል፤ ወርክሾፓችን አዲስ እንዲሠራ ታዟል። የድሮው ዓይነት ኩሽኔታ ጠፍቷል። መጋዘን ያለው ትንሽ ሰፋ ስለሚል ቤቱም መስፋት አለበት።

ሥራ አስኪያጃችን ጓድ ኃይሉ ጠዋት ወደ ነዳፊዎች ክፍል ገቡና፣ "ይህ ኮምፒዩተር ከመጣ ጀምሮ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። እስከ ዓርብ አንድ ሥራ ካልወጣበት አዲስ አበባ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ይወስደዋል" አሉ። እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ምን እንደነካኝ እንጃ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6

በዚህ የሥዕል ፕሮግራም መስመር መሳል ብቻ አይበቃም። መስመሮቹ እርስ በርስ ምን እንደሆኑ መንገር ያስፈልጋል። እነዚህ ትይዩ ናቸው፣ የእነዚህ ክቦች መሃል አንድ ነው፣ ይህ መስመር ክቡን ነክቶ ያልፋል። እንዲህ ያሉት ትእዛዞች ገደብ ይባላሉ። ገደቡ ልክ ከሆነ አንድ ቁጥር ሲለወጥ ሌላው ራሱን ያስተካክላል። ካነሰ ሥዕሉ እንደ ትናንቱ ይሸሻል። ከበዛስ? ዛሬ አየሁት።

በእልህ ያገኘሁትን ሁሉ በገደብ አሰርኩ። ሥዕሉ ቀይ ሆነና ከልክ በላይ ታስሯል አለኝ። አንዱን ስፈታ ሌላው ይቀላል። ምሳ አልበላሁም።

ጋሽ ደምሴ ከሥዕል ሰሌዳቸው ቀና ሳይሉ፣ "ሰብለ፣ በእርሳስ ቢሆን እስካሁን ጨርሰሽ ሻይ ትጠጪ ነበር" አሉኝ። የክፍላችን አንጋፋ እሳቸው ናቸው። ከትምህርት ቤት ስመጣ እርሳስ እንዴት እንደሚያዝ እንደ አዲስ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ኮምፒዩተሩን ግን ነክተውት አያውቁም።

"ይጠብቁኝ ጋሽዬ፣ ሻዩን እኔ እጋብዝዎታለሁ" አልኳቸው።

ሊወጡ ሲሉ ከኋላዬ ቆሙ። "ፓምፑን አይተሽዋል?"

"የተሰነጠቀውን ዕቃ ለክቻለሁ።"

"ዕቃውን አላልኩሽም። የተተከለበትን ቦታ ነው የምልሽ።"

አላየሁም። አፈርኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 7

መቂ ደርሰን መጣን። በወርክሾፑ ፒካፕ ነው የሄድነው። ጋሽ ደምሴም "አየር ልቀበል" ብለው ተሳፈሩ። ሞጆ ኬላ ላይ የይለፍ ወረቀታችንን አገላብጠው አይተው ለቀቁን።

ማሳው ዳር አዴ ጫልቱ የሚባሉ፣ የገበሬ ማኅበሩ አባል የሆኑ እናት ተቀበሉን። "አካም ጅርቱ" ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉንና እጃችንን ይዘው ወደ ሽንኩርቱ ችግኝ ወሰዱን። ጫፉ ቢጫ ሆኗል። ሴቶቹ ከወንዙ በጣሳ እየቀዱ ያጠጣሉ። "ይህን መደብ አጠጥተን ወደዚያኛው ስንዞር ይኼኛው ይደርቃል" አሉን አዴ ጫልቱ። እኔ ስለ ኮምፒዩተሩ ምንም አላወራሁም።

ፓምፑ ጋ ቁጢጥ ብዬ ለካሁ። ቡሎኖቹ ኮንክሪት ውስጥ ተቀብረዋል። ዘንጉ ደግሞ ከሞተሩ ጋር በአንድ ከፍታ መግጠም አለበት።

"የማይነቃነቀው የቱ ነው?" አሉ ጋሽ ደምሴ።

"ቡሎኖቹና የዘንጉ ከፍታ።"

"ሌላውስ?"

"የቤቱ ውፍረት እንዳይሳሳ እንጂ ሌላው እንደ ኩሽኔታው ይሁን።"

"እንግዲያው ለዚያ ማሽንሽ እንዲሁ ንገሪው።"

አዴ ጫልቱ ቲማቲም በፌስታል ሰጡን። መንገድ ላይ እያጠብን በላን። ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 8

ሆነ! ሆነ! ሆነ!

የሁለት ቀኑን ሥራ በሙሉ አጠፋሁት። መጀመሪያ ቡሎኖቹን ተከልኩ። ቀጥሎ የዘንጉን ከፍታ። ከዚያ ውስጠኛውንና ውጪኛውን ክብ መሃል ለመሃል አሰርኩ፣ በመካከላቸው ያለው ውፍረት እንዳይለወጥ አዘዝኩ። ግራና ቀኝ የሚደግፉት መስመሮች ክቡን ነክተው እንዲያልፉ ነገርኩ።

አሁንም ቀላ። አለቀስኩ ማለት ይቻላል። ኋላ ገባኝ። ግራና ቀኙ እኩል ነው ብዬ ነግሬው ሳለ፣ እንደገና ለግራም ለቀኝም ለየብቻ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ። አንዱን ነገር ሁለቴ ነው የነገርኩት። የቀኙን ቁጥር አነሳሁ። ቀዩ ጠፋ።

የአዲሱን ኩሽኔታ ስፋት ጻፍኩ። ክቡ ሰፋ። ውጪኛው ተከትሎ ሰፋ። ደጋፊዎቹ ፈቀቅ ብለው ክቡን እንደነኩት ቀሩ። ቡሎኖቹ ንቅንቅ አላሉም።

ጋሽ ደምሴን ጠራኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩ። "ድገሚው" አሉ። ደገምኩት። "አሁን አሳንሺው።" አሳነስኩት። ሄደው ሻይ አዘዙልኝ፣ ሒሳቡንም ራሳቸው ከፈሉ።

መብራት ሳይጠፋ ዲስክ ላይ አስቀምጫለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 9

ሥዕሉ ታተመ። ጓድ ኃይሉ በማስመሪያ ለኩት፣ አንገታቸውን ነቀነቁና "ይሠራ" አሉ። ስለ ኮምፒዩተሩ ግን አንድ ቃል አልተነፈሱም። ይህ አስጨንቆኛል።

የብየዳና ብረት የሚቀርጸው የቶርኖ ክፍል ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ በእሱ ላይ ዋሉ። የፖለቲካ ውይይት ክበቡ በሥራ ምክንያት ቀረ። ማንም አላዘነም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 10

አዲሱን የኩሽኔታ ቤት መቂ ወስደን ቡሎኖቹ ላይ ስናወርደው ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። "ገባ" አሉ ጋሽ ደምሴ። አራቱም ገቡ። ዘንጉ በእጅ ሲዞር ድምፅ እንኳ የለው።

ሞተሩ ተነሳ። ቱቦው አሳለ፣ ጭቃ ተፋ፣ ዝም አለ። ከዚያ ውኃው መጣ። አዴ ጫልቱ ጣሳቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው እግራቸውን ቦዩ ውስጥ ነከሩ። ሴቶቹ እልል አሉ። "ገለቶማ" ብለው እያመሰገኑ ሲያቅፉኝ ሙሉ በሙሉ ረጠብኩ።

ጓድ ኃይሉም መጥተው ነበር። ሊሄዱ ሲሉ፣ "ኮምፒዩተሩ የትም አይሄድም። ቀጥሎ የዝዋይን ፓምፕ ትሠሪያለሽ" አሉኝ። ልክ ተራ ነገር እንደሚናገሩ።

ስንመለስ ጋሽ ደምሴ እስከ ሞጆ በመስኮት ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ሾፌሩ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ሰኞ ማንም ሳይገባ ማልጄ ብመጣ ታሳዪኛለሽ?" አሉ።

"በደስታ ጋሽዬ።"

"ቶሎ ባይገባኝ እንዳትስቂብኝ።"

አልስቅም። ግን ጨንቆኛል። እሳቸውን ከምን ጀምሬ ነው የማስተምራቸው? ከመስመር? ከክብ? ያኔ እኔን ሲያስተምሩኝ ከምን እንደጀመሩ ለማስታወስ እየሞከርኩ ነው።