የትናንቱ ኮንሰርት ድምፅ ለምን ጠፋ

ቢሌ፣

መኪናው ደጅ ቆሞ ጥሩንባ እየነፋብኝ ነው። ለመስክ ሥራ ወደ ደወሌ ሄጃለሁ፤ እስከ ሐሙስ አልመለስም። ውሃ ዛሬ ይመጣል፣ በርሜሉን ሙላ። የግመል ወተቱን ጨርሰው።

የኮንሰርቱን ግምገማ ጠረጴዛው ላይ ትቼዋለሁ። አራት ሰዓት ስብሰባ ስትገባ ለኃላፊያችን ስጥልኝ።

ጠንካራ ጎን፦ ሕዝቡ በሰዓቱ መጣ። የክብር እንግዶቹም ከመጨረሻው ዘፈን በፊት ደረሱ።

ደካማ ጎን፦ ዘፋኟ ሁለተኛ ዘፈኗን እንደጀመረች ድምፁ ጠፋ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አንተን አየ። አንተ የድምፅ ሚክሰሩ ሥር ተንበርክከህ ገመድ ስትፈትሽ፣ እኔም ፊት ወንበር ላይ ሆኜ ከሰው እኩል ራሴን ነቀነቅኩ።

ከዚያ ትንሽ ቀደም ብዬ ከመድረኩ ጀርባ ስልኬን ቻርጅ ላደርግ ብል የመብራት ማከፋፈያው በሙሉ በአንተ ገመድ ተይዟል። አንዷን ነቀልኳት። ግምገማውን የምጽፈው በስልኬ ነዋ!

ድምፁ በጠፋበት ሃያ ደቂቃ ከሕዝቡ መሃል ሴቶቹ ዘፈኑን ተቀብለው በጭብጨባ ሲያስኬዱት ግን፣ ወላሂ፣ ከኮንሰርቱ ሁሉ ያማረው እሱ ነበር። ጠንካራ ጎን ላይ ጨምሬዋለሁ።

«የችግሩ ምክንያት» በሚለው ቦታ መጀመሪያ «የድምፅ ባለሙያው የጥንቃቄ ጉድለት» ብዬ ነበር። ሰርዤዋለሁ፤ ግን አሁንም ይነበባል። የራሴን ስም ልጽፍ ሦስቴ ሞከርኩ፣ እጄ እምቢ አለኝ። አንተ ጻፈው።

አላምን ካሉህ ይህችን ወረቀት አሳያቸው። እዚህ ላይ እጄ ታዞልኛል፦

ሰይፈ