እርጥብ ጋቢ

ነሐሴ 9፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ደብተሬ፣ ዛሬም ያው ነው። የመካነ ሰላም ጭጋግ አልተገለጠም። ጤ/ጣቢያው በር ላይ የተሰለፈው ሁሉ እርጥብ። ስለ ብርድ አስተምራለሁ፦ የረጠበውን አውልቁ፣ ደረቅ ልበሱ፣ የደነዘዘ እግር እሳት ላይ አትዘርጉ፣ አትሹት። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ስጨርስ አንዱ የተቃጠለ የእግር ጣቱን ያሳየኛል። ደንዝዞ ነበርና ፍሙ ሲበላው አላወቀም። ባለፈው ሳምንት እኮ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር! ለማን ነው የምለፈልፈው?

ያው ቀን፣ ምሳ ሰዓት

አባዬ ደግሞ ከሁሉም ይብሳሉ። ሰባ አልፏቸዋል። አባዬን ቁርኣን ያስቀሩ፣ መምህራቸው የነበሩ አንድ ሰው አርፈዋል፤ ነገ ጋራውን ተሻግረን ለቅሶ እንሄዳለን። የሁለት ሰዓት እግር መንገድ። ደረቅ ጋቢ በፌስታል አዘጋጀሁ። አይሆንም አሉ። ሐዘንተኛ ፊት ልብስ መቀየር ነውር ነው፣ ለራስ ምቾት ማሰብ ነው አሉ። ተጨቃጨቅን። ፌስታሉ መደብ ላይ ቀረ።

ነሐሴ 10፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ከጤ/ጣቢያው ነው የምጽፈው።

በረዶው መንገድ ላይ ያዘን። ደርሰን ድንኳን ገባን፤ ወንዶቹ ወዲያ፣ እኛ ወዲህ። አባዬ በእርጥብ ጋቢያቸው ይንቀጠቀጣሉ። ቆይተው መንቀጥቀጡን ተዉ። አጠገባቸው ያሉት ደስ አላቸው፦ «አልሐምዱሊላህ፣ ሞቃቸው።» ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ዚክር ላይ ናቸው፣ አላህን እያወሱ ነው፣ እንዳትረብሿቸው ተባለ።

አየሁ። የበረደው ሰው መንቀጥቀጥ ሲያቆም ባሰበት እንጂ ሞቀው አይባልም እያልኩ የማስተምረው እኔም፣ ዚክር መስሎኝ ዝም አልኩ።

ከዚያ ሙስበሃቸው፣ የዚክር መቁጠሪያቸው፣ ከእጃቸው ወደቀ። አላነሱትም። አባዬ ሙስበሃ ጥለው አያውቁም! ሮጬ ሄድኩ። ምላሳቸው ተሳስሯል፤ በሟች እናቴ ስም ጠሩኝ። ሰዎቹ ወደ እሳት ሊጎትቷቸው ተነሡ። ጮኽኩባቸው፤ ለቅሶ ቤት፣ ለሞተው ሳይሆን ላልሞተው። ጋቢውን ገፈፍኩ። ደረቅ ብርድ ልብስ፣ ከራስ እስከ እግር። ሁለት ወንዶች ደረታቸውን ከአባዬ ደረትና ጀርባ አጣብቀው አቀፏቸው። ሲነቁና መዋጥ ሲችሉ ብቻ ሞቅ ያለ ስኳር የበዛበት ሻይ። ከዚያ በቃሬዛ፣ ቀስ ብለን፣ እዚህ።

ነሐሴ 12፣ ከሰዓት

አባዬ ቤት ገቡ። ድነዋል፤ ቁጣቸውም አብሮ ድኗል። በሰው ፊት ገፈፍሽኝ አሉ። ነገም እገፍፋለሁ አልኩ። ተኮራረፍን።

ቆይተው ቀስ ብለው ጠየቁኝ። መንቀጥቀጤን ሳቆም አላየሽም ነበር? አይቻለሁ አልኩ፤ ዚክር መስሎኝ ነው። አለቀስኩ። «አውፍ ብዬሻለሁ፣ ይቅር ብዬሻለሁ» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ፊታቸውን አዙረው፣ ዓርብ ሌላ ለቅሶ አለ፣ ያ ፌስታል የት ነው አሉ።

ነገ ጠዋት አስተምራለሁ። በዚያ ሰውዬ የተቃጠለ ጣት አልጀምርም። እንዲህ ብዬ ነው የምጀምረው፦ እኔ ይህን በየሳምንቱ የማስተምራችሁ፣ አባቴ ዓይኔ ፊት በብርድ ሊሞቱ ሲሉ፣ ዚክር መስሎኝ ተቀምጬ አየኋቸው።