አባባ በቀይ በሞሉት ቅጽ ጀርባ

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ጋሼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ አንድ ኃጢአት እናዘዛለሁ፤ ይህ ወረቀት የአባባ ነው፤ ከቦርሳቸው የወሰድኩትም እኔ ነኝ። ብትገለብጠው በቀይ እስክሪብቶ የተሞላ ቅጽ ታገኛለህ። እዚያ እስክንደርስ ግን እንደምን አለህልኝ? ጉልበትህስ? ንጣፍ ስታነጥፍ ተንበርክከህ መዋሉ አሁንም ያምሃል? እኛ ደህና ነን፤ እኔ ብቻ በንዴት ጨሻለሁ።

ክፍላችን ከኮሌጅ የተላከች ተለማማጅ መምህርት መጥታለች። ለአንድ ወር እኛን እያስተማረች ትፈተናለች። ተለማማጆቹን የሚያሠለጥነውም የሚፈትነውም ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የገዛ አባታችን! ባለፈው እዚሁ ትምህርት ቤታችን ስለ አሳታፊ የማስተማር ዘዴ ሲያስተምሯቸው በመስኮት ሰማሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አስጻፏቸው እኮ! «ተማሪው እንዲጠይቅ ዕድል ይሰጠው፣ አራት ነጥብ» ይላሉ። አንዷ ልትጠይቅ እጇን ብታወጣ «ዝም ብለሽ ጻፊ!» አሏት።

እጇን ያወጣችው ይቺው የእኛዋ ነበረች። ሐሙስ ዕለት ምን አደረገች መሰለህ? ጋዜጣ እያጣበቅን በየጎኑ አንድ ሜትር የሆነ ካሬ አሠራችን። ሃምሳ ተማሪ፣ ሃምሳ ካሬ። ዴስኩን ሁሉ አውጥተን ወለሉን ሸፈንነው። አርባ ስምንቱ ልክ ገጠመ፤ እኔና አጠገቤ የምትቀመጠው ለፍላፊ ካሬያችንን እንደታቀፍን በር ላይ ቀረን። «እናንተ ለምን ተረፋችሁ?» አለችን። ክፍሉ ስምንት በስድስት ነዋ! ጋሼ ሙት፣ ሦስት ዓመት «ርዝመት ሲባዛ በወርድ» እያልኩ እንደ በቀቀን ስደግም ኖሬ ስፋት ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። አንተስ ብትሆን በአባባ ክፍል መቶ ከመቶ አግኝተህ፣ ሥራ በጀመርክ ሳምንት ንጣፍ አሳንሰህ አስመጥተህ ፎርማኑ የጮኸብህ ለዚሁ አይደል?

በዚህ መሃል፣ ሃምሳችንም ባንዴ ስንንጫጫ፣ አባባ ከች አሉ። «ይሄ ክፍል ነው ወይስ ገበያ?» አሉና ጻፉ። ገልብጠህ እየው። የክፍል ቁጥጥር፣ ዜሮ። የሰሌዳ አጠቃቀም፣ ዜሮ፤ «ጠመኔ አልነካችም»። የተማሪ ተሳትፎ፣ «ከመጠን ያለፈ»! ቅጹ ነገ ኮሌጅ ከገባ ልጅቷ ዓመቱን ልትደግም ነው። ጋዜጣዎቹን አንድ በአንድ አጣጥፋ ታቅፋ ወጣች፤ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

እቤት ስሞግታቸው «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» ብለው ተረቱብኝ። ሰሞኑን ደግሞ ለሳሎኑ ሃያ ካሬ ምንጣፍ ሊያዙ ነው። «አባባ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ እኮ ጥጉን በልቶታል» ብላቸው «አምስት ሲባዛ በአራት! አበቃ!» አሉኝ። ታዲያ ዛሬ ፀጉራቸውን ሊስተካከሉ ሲወጡ፣ ያነበቡትንም ያላነበቡትንም ጋዜጣ እንደ ክፍላችን ባለ አንድ ሜትር ካሬ አጣብቄ ሳሎኑን ከግድግዳ ግድግዳ ሸፈንኩት። ስንት ካሬ እንደፈጀ አልነግርህም፤ ራሳቸው ይቁጠሩት። ለቅጹም አታስብ፤ ጀርባው ተሞልቷልና ኮሌጅ አይሄድም።

እማዬ ጉልበትህ ላይ ጨርቅ እሰር ብላሃለች። አያታችን ሁለት ጊዜ ሰላም ብላሃለች፤ የመጀመሪያውን ረስታው ነው። ድምቡሼ ታናሻችን ሙጫው ፀጉሩ ላይ እንደደረቀ ይስምሃል።

ከቁም ሣጥኑ ጀርባ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ጋሼ፣ በሩ ተከፈተ። እየቆጠሩ ነው። «አሥራ ሰባት… አሥራ ስምንት።» እንደገና ከአንድ ጀመሩ። ሲቆጡ «አንቺ ተማሪ!»፣ ሲታረቁኝ ደግሞ «ቁንጫ» እንደሚሉኝ ታውቃለህ፤ ጆሮዬን አቁሜ እየጠበቅኩ ነው። «አሥራ ስምንት» አሉ ደግመው።

«ቁንጫ! እግርሽ ይታያል። ከጠረጴዛዬ ላይ ባዶ ቅጽ ይዘሽ ነይ!»