ቅዳሜ ጃክን አታምጣው

ይድረስ ለቀድሞ ወዳጄ፣

እንደምን ከረምክ? ጤናህስ? ብርድ ሲነካህ የሚይዝህ ሳል ዘንድሮ ማረህ? ሌሊሴስ ደህና ናት? ወግ ነውና ባለቤትህን ጠየቅኩ እንጂ ደህና መሆኗንማ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ወፈር ብላለች፣ ሹሩባውም አምሮባታል። እኔ ተመስገን አለሁ። ውሻዬም አለች። አንተ ያወጣህላትን ሶፊ የሚለውን ስሟን ቀይሬ ታዘቢ ካልኳት ሁለት ዓመት አለፋት። ሰው ለጎረቤቱ ፊት ለፊት የማይናገረውን በውሻው ስም እንደሚናገር ታውቃለህ። ጠዋት ደጅ ወጥቼ «ታዘቢ!» እያልኩ ስጣራ የሰፈሩ ሴቶች ይስቃሉ፤ ለማን እንደምጣራ ገብቷቸዋል። ሳንሱሲ ሰፈር እናንተ ቤት ድረስ ግን አይሰማም።

ስልክ ያልደወልኩት ስልክህን የምታነሳው ሌሊሴ ስለሆነች ነው። ባለፈው «ማን ልበል?» ስትለኝ ስሜን መናገር አቅቶኝ ዘጋሁት። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ አስራ ስምንት ማዞሪያ ሱቅ ላለው ለደግፌ እሰጠዋለሁ፤ ያንተን መልእክት ያደረሰኝም እሱ ነው። ታዘቢ ወንድ የምትፈልግበት ጊዜዋ መሆኑን ሰምተህ ቅዳሜ ወንድሟን ጃክን ይዘህ ልትመጣ እንዳሰብክ፣ ከአንድ ማህፀን የወጡ ስለሆኑ ቢገናኙ ዘሩ ሳይበረዝ ንጹሕ ጀርመን ሼፐርድ እንደሚወለድ፣ ከቡችሎቹም አንዷን ሌሊሴ ለአባቷ ልትሰጥ እንደተመኘች ነገረኝ። የመጨረሻውን ሲናገር ደግፌ ዓይኔን ማየት ፈርቶ ዕቃ መደርደር ጀመረ።

እውነቱን ልንገርህ፤ መልእክቱ ሲደርሰኝ ደስ አለኝ። ግቢውን አጠብኩ። አንተ ትቀመጥበት የነበረውን ወንበር እግሩን አስጠገንኩ። ውሾች እስኪለማመዱ ጊዜ ይወስድባቸዋልና ቅዳሜን ሙሉ እኔ ዘንድ ትውላለህ፣ ምናልባት ሰኞም ትመለሳለህ ብዬ አሰብኩ። ይህን ሁሉ አስቤ ካበቃሁ በኋላ ነው አታምጣው ብዬ የምጽፍልህ።

ምክንያቱ የታዘቢ ዓይን ነው። ጥቅምት ላይ የግራ ዓይኗ ዳሩ ቀላ። አቧራ መስሎኝ በጨው ውሃ አጠብኩላት። ከዚያ ሥጋ የመሰለ ስስ ነገር ከዳር ተነስቶ ወደ ጥቁሩ እየዳኸ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ቀኙ ተከተለ። ዶክተር ኤልሻዳይ የምትባል የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ተውሳክ አይደለም፣ ከሌላ ውሻም አልያዛትም አለችኝ። ከበሽታ ሊጠብቃት የተፈጠረው የሰውነቷ መከላከያ የገዛ ዓይኗን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይወጋዋል፤ ዘበኛ ተሳስቶ የቤቱን ጌታ እንደሚደበድበው ማለት ነው። በጀርመን ሼፐርድ ዘር ይበዛል፤ እንደኛ ደጋ በሆነና ፀሐይ በሚበረታበት አገር ደግሞ ይብሳል አለች። አይድንም። ዕድሜ ልኳን በየቀኑ ጠብታ ከተደረገላት ግን ሊገታ ይችላል፤ ከተተወ ያሳውራል። በዘር ስለሚወርድ እንዳትወልድ አስጠነቀቀችኝ፤ ወንድሞቿና እህቶቿም ቶሎ ይታዩ አለችኝ።

አስኮ ድረስ ሄጄ ያን ጊዜ ሁለቱን ቡችሎች በአንድ ቀን የሸጠልንን ሰውዬ ጠየቅኩት። እሱ እቴ ምን ያፍራል! እናትና አባታቸው ወንድምና እህት እንደሆኑ፣ ከውጭ አንዲት ጠብታ ደም እንዳልገባባቸው ደረቱን ነፍቶ ነገረኝ። ለውሻ ሰባት ቤት የሚቆጥር የለም።

እኛን ግን ቆጠሩን። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ ካበቃ በኋላ፣ አክስትህ እማማ ድንቅነሽ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩና የኔ ቅድመ አያት ቢቂላ ካንተ ቅድመ አያት ጋር ወንድማማች ሆነው ተገኙ። አምስት ቤት ብቻ ነው፣ ሰባት ሳይሞላ መጋባት ነውር ነው ተባለ። አንተም አቀርቅረህ «እንግዲህ ምን ይደረጋል» አልክ። በዓመቱ ሌሊሴን አገባህ። የእሷ ሲቆጠር ሰባቱም ቤት ንጹሕ ወጣ አሉ። እኔ በሠርግህ ቀን ታዘቢን ሳጥባት ነው የዋልኩት፤ ሦስት ጊዜ አጠብኳት።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፈው። ሐኪሟ ይህን የነገረችኝ ኅዳር ነው፤ ይኸው ሚያዝያ ገባ። ይህን ሁሉ ወር ለምን ዝም አልሽ ብትለኝ መልሱ ቅናት ነው፤ ሌላ ስም ላወጣለት አልፈልግም። ጥር ላይ አስኮ ፌርማታ ሌሊሴን ከጃክ ጋር አየኋት። እኔ የገዛሁለትን ቀይ ማሰሪያ አስራዋለች። ስጠራው ጆሮውን አቁሞ ወደኔ ሊመጣ ሲል እሷ አንገቱን ዳሰስ አደረገችውና ሄዶ እግሯ ሥር ተቀመጠ። ጎንበስ ብዬ ፊቱን አየሁት። የግራ ዓይኑ ዳር ቀልቷል። እሷም አይታው ኖሮ አቧራ ነው መሰለኝ አለችኝ። አዎ፣ አቧራ ነው አልኳት።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ፤ እያወቅኩ ነው እንዲያ ያልኳት። ታክሲ ውስጥ ገብቼ ከተቀመጥኩ በኋላ አንድ ቀን ስትጠራው የማያያት ውሻ ይሁንባት ብዬ ተመኘሁ። አንተ የእሷ፣ ጃክ የእሷ፣ ስልክህ እንኳ የእሷ፤ እስቲ እሷም አንድ ነገር ትጣ አልኩ። ጃክ ምን አደረገኝ? አንተ ሥራ ስትሄድ በጣቴ ወተት እያላስኩ ያሳደግኩት ቡችላ ነው። ከዚያ ወዲህ ለታዘቢ ጠብታ ባደረግኩላት ቁጥር እሱ ትዝ ይለኛል፤ ቢሆንም ዝም አልኩ። ዕውር ሆነው የሚወለዱ ሳይሆን አይተው አይተው የሚታወሩ ቡችሎች እዚህ ግቢ ውስጥ ሲሯሯጡ ሳስብ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ።

ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳትል ሐኪም ዘንድ ውሰደው። አድራሻዋን ለደግፌ ጽፌለታለሁ። በቀትር ፀሐይ አታውጣው። ጠብታውን ስታደርግለት አገጩን ከሥር ያዘው፣ ቀና ሲል ያመልጥሃል። ሌሊሴን እንደዋሸኋት ንገራት። ብትሰድበኝ እውነቷን ነው።

አንድ ወሬ ልጨምርና ላብቃ። እማማ ድንቅነሽ ታመው ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ተሽሏቸዋል፤ ዕድሜ ሆኖባቸው የድሮውን ያነሳሳሉ እንጂ። ስለ ቢቂላም አጫወቱኝ። ወላጆቹ በአንድ ወረርሽኝ ሲያልቁበት ያንተ ቅድመ አያት አባት ከማያውቁት ሰው ቤት በጉዲፈቻ አምጥተው፣ ከገዛ ልጃቸው ሳይለዩ፣ በአንድ ገበታ አሳደጉት አሉኝ። እንዲህ ያለ ደግነት ዛሬ የለም ብለው አለቀሱ። ያን ጊዜ የቆጠሩትን ረስተውታል መሰለኝ። እኔም አላስታወስኳቸውም። ትራሳቸውን አስተካክዬላቸው ወጣሁ።

እግዚአብሔር የጃክን ብርሃን ያቆይለት። ቤታችሁን ይባርክ፤ ሌሊሴንም በሰላም ያገላግላት። ወፈር ማለቷ ከምን እንደሆነ ደግፌ ነግሮኛል። ልጁ አንተን ይምሰል።

ዘመድህ