እትዬን ለሰው ሰጠኋት

ደሜ የኔ ዓለም፣

ከተለየኸኝ አሥራ አንድ ወር ሆነ። ሙት ዓመትህ ሲደርስ ቤቱ በሰው ስለሚሞላ፣ ላንተ ብቻ የምለውን ከወዲሁ ልንገርህ ብዬ ተቀመጥኩ።

የጨለለቂው ቤታችን አጥር ወድቆ ልጅህ በቆርቆሮ አሳጠረው። የአናጢነት ዕቃህን ማንም እንዲነካ አልፈቀድኩም፤ መጋዝህ ዝጓል፣ ብትኖር ትቆጣኝ ነበር። እኔም ሥራ ይዣለሁ ብልህ ትስቃለህ። ደመወዝ የለውም፤ ድመት መዳር ነው።

ቡርቃ ጃቶ ሰፈር የሚኖሩት ጡረታ የወጡት የእንስሳት ሐኪም፣ ሰው ገበያ ዳር የሚጥላቸውን ድመቶች ጓሯቸው ባለች ክፍል ይሰበስባሉ። አርባህ ካለፈ በኋላ፣ ቤት ተቀምጠሽ ከምትፈዢ ነይና አግዢኝ አሉኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ድመት ፈላጊ ሲመጣ የማነጋግረው እኔ ነኝ። ሰዉ «ሃርሜ፣ አካም ጅርቱ» እያለ፣ እንደ እናቱ ደህንነቴን እየጠየቀ ይገባል፤ እኔም አንተ በምትስቅበት ኦሮምኛዬ እመልሳለሁ። ከዚያ ልጇን እንደምትድር እናት እመረምረዋለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄዬ፣ የአይጥ መርዝ ታደርጋላችሁ ወይ? ነው። መርዝ የቀመሰ አይጥ የበላች ድመት አትተርፍም። መንገዱን አይታ እንዳትመለስ በከረጢት ልውሰዳት የሚለውንም እቆጣለሁ። ቀዳዳ ባለው ካርቶን ካልሆነ አልሰጥም።

እትዬን መቼም አትረሳትም። እኔን «የሺ» እያልክ ድመታችንን እትዬ ማለትህ ስንት ዓመት አስቆናል። ከሄድክ በኋላ ግን ሳቄ ቀረ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ከሥራ በምትገባበት ሰዓት፣ በሩ ላይ ትቀመጥና ትጮሃለች። ባባርራት ትመለሳለች፤ ምግብ ባቀርብላት እስኪመሽ አትነካም። ጎረቤቶች እንስሳ እንኳን እንዲህ ታዝናለች እያሉ ሲያደንቁ፣ እኔ በልቼ ማደሬ እንደ ነውር ይሰማኝ ጀመር። እውነቱን ልንገርህ ደሜ፣ ቀናሁባት። ካንተ ጋር ሠላሳ ዓመት የኖርኩት እኔ ሆኜ፣ ሐዘኑን እሷ የወሰደችብኝ መሰለኝ።

በየካቲት ከአንገር ጉቲን አንድ ገበሬ መጣ። ሰይድ ይባላል፤ በልጅነቱ ከወሎ ከወላጆቹ ጋር መጥቶ እዚያ የሰፈረ ነው። በቆሎውን አይጥ ፈጅቶበታል። ክፍሉ ውስጥ ካሉት አንዷን እንኳን አላሳየሁትም። ቤት ወስጄ እትዬን ሰጠሁት። ማንንም ሳልጠይቅ የማላልፈውን ጥያቄ እሱን አልጠየቅኩትም። ካርቶንም አላልኩም፤ ከረጢት ውስጥ ከተን አፉን በገዛ እጄ ቋጠርኩት። እንዳትመለስ ነበር የፈለግኩት።

በሦስተኛው ሳምንት ሰይድ ባዶውን ከረጢት አጥቦ፣ አጣጥፎ ይዞ መጣ። ጎተራው ሥር እትዬ ከመሄዷ በፊት የበተነው መርዝ ነበር። ልጆቹ እያለቀሱ ማንጎ ሥር ቀብረዋታል። ሌላ ድመት ሊለምን አፍሮ ቆመ፤ የቀረውን መርዝ ጠርጎ ጉድጓድ እንደጨመረው ማለልኝ። እኔ ቆጣ ብዬ ምነው ያኔ ሳትነግረኝ አልኩት። አየኝና፣ «እናቴ፣ ቢጠይቁኝ እኮ እነግርዎት ነበር» አለኝ። ወቀሳ አልነበረበትም፤ አንጀቴን የቆረጠውም እሱ ነው።

ሐኪሙ ሌላ ድመት ስጪው ቢሉኝ፣ እርስዎ ይስጡት አልኳቸው። ራሳቸው ስለ መርዙ ጠይቀውት፣ በካርቶን አድርገው ሰጡት። እኔ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ። ተከትለውኝ መጥተው ለድመት እንዲህ ይለቀሳል ወይ ሲሉኝ፣ አዎ ለድመቷ ነው አልኳቸው። ዋሸሁ። አንተ የሞትክ ሰሞን ለቀስተኛ ስቀበል፣ ለአርባህ ስሯሯጥ፣ እንባዬን ሰው አየው እንጂ እኔ አላየሁትም ነበር። ላንተ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ቅዳሜ ቀርቻለሁ። እሄድ እንደሆነ ገና አላወቅኩም።

በሙት ዓመትህ እንግዳው እትዬ የት ገባች ማለቱ አይቀርም። ጠፋች አልልም። ቀንቼባት ሰጠኋት፣ ሳልጠይቅም አስገደልኳት እላለሁ። እኔም እስክከተልህ ድረስ ስምህን ባነሳሁ ቁጥር የሷንም አነሳለሁ። በዚህ ቤት እኔን ያህል የምትናፍቅህ አንዲት ነፍስ ነበረች ደሜ፣ ብቻዬን ልናፍቅህ ብዬ አስወጣኋት።

የሺ