ከስልኩ አጠገብ አትራቂ

እህት ዓለም፣
ልጄ ዘንድ ሄጃለሁ። እንደገባሽ ስልኩ አጠገብ ተቀመጪልኝ።

ባለሙያው ዛሬ መጥቶ ቴሌቪዥኑንም ኢንተርኔቱንም በዚያው በስልካችን መስመር አስገባልሽ። ስልኩና ግድግዳው መሀል አንዲት ትንሽ ነጭ ሳጥን ሰክቶ ሄደ። እኔ ደግሞ ስልኩን ታበላሽብኛለች ብዬ ነቀልኳት።

ከዚያ ልጄ ደወለች። መውለጃዋ እንደደረሰ ታውቂያለሽ፤ ባሏም ለሥራ ርቆ ሄዷል። «እማዬ» ስትል ሰማሁ። የቀረውን እንደ ጋለ ዘይት የሚንጣጣ ድምፅ ዋጠው።
ተቋረጠ።

ባለሙያው የተወውን ወረቀት ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩት። ለካ የኢንተርኔቱን ጫጫታ ከስልኩ የምታጣራው ሳጥኗ ኖራለች። መልሼ ሰካኋት፤ መስመሩም ጠራ። ደጋግሜ ብደውል ግን አታነሳም።

ሳጥኗን እንዳትነኪያት። ቴሌቪዥኑን ከፈለግሽ ክፈቺው፤ ስልኩን አይነካም ተብሏል። ጥሪው እንዲሰማሽ ድምፁን ብቻ ቀንሺው።

ኢንተርኔቱ ይግባ ያልሽው አንቺ ነሽ። እሱን ሌላ ቀን እናወራዋለን። ሳጥኗን የነቀለው ግን የኔ እጅ ነው።

ልጄ ከደወለች፣ እናትሽ እየመጣች ነው በያት።
እንደፈራሁ አትንገሪያት።