ከወንዙ ወዲህ ስለቀረው የገመድ ጫፍ

ይድረስ ለክቡር የፍትሕ ቢሮ ኃላፊ፤
ካሉበት ከፍ ያለ ፎቅ።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎን፣ ዓይንዎን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማኅተም የምታነሣዋን ቀኝ እጅዎን ጤና ይስጥልኝ። እኔ ተመስገን ደህና ነኝ፤ ከቅናት በቀር የሚያመኝ የለም። ሰው ሁሉ በሚያነበው ደብዳቤ ላስቸግርዎ የደፈርኩት፣ እስከ ዛሬ ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች ለክብርዎ የማይመጥኑ ሆነው ደረጃው ላይ ደክሟቸው ቀርተው እንደሆነ ብዬ ነው።

ጉዳዩን ላስታውስዎ። እኔና ታናሽ ወንድሜ ዲሽ ገጣሚዎች ነን። የእናታችን ቤት ከወንዙ ወዲህ፣ የአጎታችን ቤት ከወንዙ ወዲያ ነው፤ ወንዙ በበጋ ቁርጭምጭሚት እንኳ አይሸፍንም፣ ግን የሁለት አገር ድንበር ነው። ዲሽ መትከል በእኛ አገር ወንጀል፣ በእነሱ አገር ተራ ሥራ በነበረበት ጊዜ፣ ዲሹን አጎታችን ጣሪያ ላይ ተክለን ገመዱን በወንዙ አሻግረን እናታችን ቴሌቪዥን ላይ ብንሰካው ሕጉን ሳንነካ የምናልፍ መሰለን። ጣሪያ ላይ የሚወጣው ቀለል የሚለው ልጅ ይሁን ብላ የደለደለችን እናታችን ናት። ወንድሜ ወዲያ ሆኖ ዲሹን እያዞረ «መጣ?» ይላል፤ እኔ ወዲህ የገመዱን ጫፍ ይዤ «ትንሽ ወደ ግራ!» እላለሁ። ጩኸታችንን የሰሙ ፖሊሶች በሩ ላይ ሲቆሙና እሱ እንደገና «መጣ?» ሲለኝ፣ «መጡ!» አልኩት። እሱ እዚያው ቀረ፤ እኔ ታሰርኩ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ የወንጀል ሕግ ድንበሩን ጠንቅቆ እንደሚያውቅ ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ። ዳኛው ሕጉ የሚሠራው በግዛታችን ውስጥ በተፈጸመ ድርጊት ላይ ነው ብለው ሲያስረዱኝ እጅ ነሥቼ ሰማሁ። እስር ቤት ሆኜ ሕጉን ተውሼ ባነበው ግን፣ ወንጀል ድርጊቱ በተፈጸመበትም ውጤቱ በታየበትም ቦታ እንደተፈጸመ ይቆጠራል ይላል። ውጤቱ የታየው እናቴ ሳሎን ውስጥ ነው፤ ያውም ጥርት ብሎ። ስለዚህ ወንድሜም ተከሳሽ ነበር፣ መዝገብም ተከፍቶበታል፤ ነገር ግን የወዲያኛው አገር፣ «እኛ ዘንድ ወንጀል ላልሆነ ነገር ሰው አሳልፈን አንሰጥም» አለ። መርሁ ትክክል ነው፣ አልከራከርም። እኔን የሚያንገበግበኝ የአጎቴ ጣሪያ ከእስር ቤቱ መስኮት መታየቱ ነው። ወንድሜ እዚያ ላይ ተንጋሎ ፀሐይ ሲሞቅ በየጠዋቱ አየው ነበር፤ አንዳንዴም እጁን ያወዛውዝልኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ ቅጣቴን ጨርሼ በወጣሁ ማግስት ሕጉን ስለሻራችሁት አመሰግናለሁ። አዲስ ሕግ ወደ ኋላ አይሠራም፣ ተከሳሹን የሚጠቅም ከሆነ ግን ይሠራል የሚለው መርህ እንዴት ያለ ደግ መርህ ነው! ወደ ኋላ ተመልሶ ወንድሜን አገኘውና መዝገቡን ዘጋለት፤ እኔን ሲያገኘኝ ግን ቅጣቴን ጨርሻለሁና የሚጠቅመኝ ነገር አጣ። ወንድሜ ጫማውን በእጁ ይዞ ወንዙን ሲሻገር ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ተቀበለው። ሻንጣውን ማን ይያዝለት ሲባል ሁሉም ዞሮ እኔን አየ፤ ያዝኩለት። እኔ የተፈታሁ ቀን እናቴ በር ላይ አልነበረችም። ወንድሜን ጉንፋን ይዞት ልታስታምመው ወንዙን ተሻግራ ነበር።

ሦስተኛ፣ ዋናው ይኸኛው ነው። ዲሽ መግጠም አሁን የተከበረ ሙያ ሆኗል። ፈቃድ ለማውጣት ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ማስረጃውን የሚሰጠው የእርስዎ ቢሮ ነው። በቢሮዎ የአገልግሎት መስኮት ላይ የሚቀመጡት ወይዘሮ ስሜን መዝገብ ውስጥ ፈልገው፣ «ወንጀሉስ ቀርቷል ወንድሜ፤ አንተ ግን መዝገብ ላይ አለህ» አሉኝ። ለወንድሜ በዚያችው መስኮት፣ ፈገግታ ተመርቆለት፣ ነፃነቱ ተጻፈለት። ዛሬ ሱቅ ከፍቷል፤ ፈቃዱን በመስታወት አድርጎ ሰቅሏል፤ ሰፈሩ ኢንጂነር ይለዋል። እኔን እስረኛው ይሉኛል። መፍቻ አያያዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ቀጣሪዬ ግን እሱ ሆነ። ክፉ ቢሆን እንኳ በቀለለኝ ነበር፤ እሱ ግን «ጋሼ፣ መሰላሉን ደገፍ አድርግልኝ» እያለ በአክብሮት ነው የሚያዘኝ።

ቀናሁ፣ ክቡር ሆይ። በፈቃዱ፣ በሱቁ፣ በጉንፋኑ ሳይቀር ቀናሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ እንደነበር አውቃለሁ፤ አልሆነልኝም።

ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው በሚለው መርህ ተደግፌ፣ በመጀመሪያ ልለምንዎ ያሰብኩት ወንድሜን ለአንድ ሳምንት ያህል እንዲያስሩልኝ ነበር። ደጋግሜ ሳስበው ግን እናቴ በየቀኑ ምሳውን ይዛ ትመላለስለታለች፣ ሰፈሩም ያለቅስለታል፤ እኔም በእስሩ ደግሞ ልቀና ነው። ስለዚህ ልመናዬን አሳንሻለሁ። ዛሬ ወንጀል ያልሆነውን ወንጀሌን ከመዝገቡ ላይ ያንሡልኝ፤ የራሴን ፈቃድ አውጥቼ፣ እስቲ አንድ ቀን እንኳ የእኔን መሰላል ሌላ ሰው ይደግፍልኝ።

በቢሮዎ ደጃፍ መሰለፍን ሁለተኛ ሙያው ያደረገ፣ ለሕግ ያለው ፍቅር ሕግ ለእሱ ካለው እጅግ የሚበልጥ፣ በትሕትና ዝቅ ብሎ የሚሰናበትዎ፣

የኢንጂነሩ ታላቅ ወንድም

ማስታወሻ፦ ሰሞኑን የቢሮዎ ቴሌቪዥን ምስል ጠፍቶ ሱቃችን ተደውሎ ነበር። ወንድሜ ፈቃዱን ይዞ ከእርስዎ ጋር ሻይ ሲጠጣ፣ ጣሪያው ላይ ወጥቼ የሠራሁት እኔ ነኝ። ጥበቃው በጓሮ በር አስገባኝ እንጂ ከወንጀል ነፃ ነህ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ሕጋችሁ ከጣሪያ በላይ የማይሠራ ከሆነ እባክዎ በጽሑፍ ያሳውቁኝ፤ ሱቄን እዚያው አናትዎ ላይ እከፍታለሁ።